ካፒቴኑ ደረሰ ወይ

ከአማቴ ጋር በአንድ ቤት ሁለት ዓመት ስንኖር የተነጋገርነው ሁሉ ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር። «እንዴት አደሩ?» «እግዜር ይመስገን፤ እርስዎስ?» «ደኅና።» ከሥራ ስመለስ ያው ሰላምታ ይደገማል፤ «አደሩ» የነበረው «ዋሉ» ይሆናል፣ አበቃ። ጠብ አልነበረንም፤ ክብር ነው። እኔ እሳቸውን አንቱ እላለሁ፣ እሳቸውም እኔን አንቱ ይላሉ። እኔ ስበላ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ፣ እሳቸው ሲበሉ እኔ ግቢ ወጥቼ ያልጠፋ ነገር እፈልጋለሁ። አጠገባቸው ተቀምጬ እንኳ የሚሉኝ ነገር ሲኖር የሚነግሩት ለልጃቸው ነው። «ወጡ ጨው አንሶባቸው እንደሁ ጠይቂያቸው» ይላሉ። እኔም ለባለቤቴ፣ «ኧረ ምንም አላነሰውም በያቸው» እላለሁ። እሷ መሀል ቆማ፣ «ኧረ እናንተ ሰዎች ለምን ታደርቁኛላችሁ!» እያለች ትስቃለች፤ ሲብስባት ደግሞ ትቆጣለች።

አማቴ የቡሬ ገጠር ሰው ናቸው። ወገናቸው ከአዊ ነው፤ አገውኛውንም አማርኛውንም አሳምረው ይናገራሉ። ፍኖተ ሰላም የመጡት ባለቤቴ ልጃችንን ስትወልድ ሊያርሷት ነበር። ክርስትናው ይለፍ ሲሉ ጉልበታቸው ታመመ፣ ጉልበቴ ይሻለኝ ሲሉ ክረምት ገባ፣ ክረምቱ ሲወጣ ልጁ ለመዳቸው፤ በዚያው ቀሩ። እውነቱን ለመናገር የያዛቸው ጉልበታቸው ብቻ አልነበረም። አገራቸው መመለስ ማለት ከወንድማቸው ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ነው፤ ይህን ደግሞ አልፈለጉም።

ያላቸው አንድ ታናሽ ወንድም ነው። እርሻቸው ጎን ለጎን ነው። ወሰኑ ላይ አባታቸው የተከሏቸው ባሕር ዛፎች ነበሩ፤ አንድ በጋ ወንድምየው እህታቸውን ሳይጠይቁ ሁሉንም ቆረጧቸው። አማቴ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ስሞት ሬሳዬ አጠገብ እንዳትቆም!» አሏቸው። ወንድምየውም በንዴት፣ «አንቺም የኔን አፈር እንዳታለብሺ!» ብለው መለሱላቸው። እኛ አገር ይህ እንደ ቀልድ የሚታለፍ ንግግር አይደለም። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ከቡሬ እኛ ቤት ድረስ ተመላለሰ። ሦስቱንም ጊዜ የአማቴ መልስ አንድ ነው፤ «ታናሽ ነው። በእግሩ ይምጣ።» ባለቤቴ ሽማግሌዎቹን ሸኝታ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነው። «ሳይታረቁ አንዳቸው ቢሞቱ እናቴ ከዚያ ወዲያ ሰው አትሆንም» ትለኛለች። እኔ ምን ልርዳት? ከጨው ያለፈ ወሬ የለኝ።

በዚህ መሀል ነው ያ ተከታታይ ፊልም ቤታችን የገባው።

እኔ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ትምህርት ቤታችን ውስጥ ባሕር ዳር ዘመድ ያለው አንድ የኬሚስትሪ መምህር አለ፤ ደርሶ በመጣ ቁጥር ፍላሽ ሙሉ ፊልም ይዞ ይመጣል። ያኔ የሰጠኝ ስለ አንዲት የጠፈር መርከብ ነው። መርከቧ አሮጌ ናት። በየክፍሉ አንድ ነገር ይሰበራል፤ ያ ሁሉ ሰው ይሯሯጥና በሽቦ ያስሩታል፣ ባገኙት ነገር ይደፍኑታል፣ እስከሚቀጥለው ክፍል ትሄድላቸዋለች። የወደድኩት ለዚህ ነው። አንድ የሚሠራ ቮልትሜትር ይዞ ኤሌክትሪክ ለሚያስተምር ሰው ይህ ልብ ወለድ አይደለም። ጠፈር ላይ የፍንዳታ ድምፅ እንደማይሰማ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ፤ ፊልም ሠሪዎቹ ግን ያንጓጉታል፤ ይቅር ብያቸዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳሎን ተቀምጬ ሁለተኛውን ክፍል አያለሁ። ባለቤቴ ገበያ ሄዳለች። አማቴ ከወዲያ ጥግ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ቴሌቪዥኑ ላይ የመርከቧ ሐኪም፣ አንዲት ጠይም ሴት፣ ካፒቴኑን አቅፋ ትንሰቀሰቃለች። የአማቴ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። «ይች ሴት ምን አግኝቷት ነው እንዲህ እምታለቅስ?» አሉ። ልጃቸው ገብታ እንደሁ ዘወር ብዬ አየሁ። አልገባችም። የጠየቁት እኔን ነው።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሴትዮዋ የምታለቅሰው ካፒቴኑ ውሽማዋ ስለሆነ ነው። ይህን ለአማቴ ልንገራቸው? «ባሏ ነው» እንዳልል፣ ሚስቱ መሬት ላይ ቆማ ከሸኘችው አሥር ደቂቃ አልሞላም፤ አማቴም አይተዋታል። በአማት ፊት አፍ ሞልቶ የሚነገር የወንድና የሴት ፍቅር ሌላ ምን አለ? «ወንድሟ ነው» አልኩ። «ታናሽ ወንድሟ። ሊለያዩ ነው።»

ሰፌዱን መሬት አስቀመጡት። «ወንድሟ!» አሉ፤ በርጩማቸውንም ጎተት አድርገው ወደ ቴሌቪዥኑ ቀረቡ።

ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያኔ ነው፤ ግን ቃሉ ከአፌ ወጥቷል። ደግሞ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአማቴ ጋር አንድ ነገር አብረን ልናይ ነው። የሚቀጥለው ቅዳሜ ምስራቸውን ይዘው ቀድመውኝ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ያች ሴት ዛሬም አለች?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የኔ ሥራ ይህ ሆነ። እያንዳንዱን ክፍል አስቀድሜ መምህራን ማረፊያ ውስጥ በላፕቶፕ ብቻዬን አየዋለሁ። ካፒቴኑና ሐኪሟ የሚሳሳሙበትን ደቂቃ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ቅዳሜ ቤት ውስጥ እየተረጎምኩላቸው ያች ደቂቃ ስትቃረብ ሪሞቱን አነሳና እዘላታለሁ። «ይች ጋ ተበላሽቷል» እላለሁ። «ይህን ያመጣላችሁ ሰውዬ ፍላሹን በምን ነው እሚይዘው? ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እኮ ነው እሚበላሸው!» ይላሉ። ባለቤቴ ማድ ቤት ሆና ስትስቅ ይሰማኛል። እሷ ሁሉንም ታውቃለች። «ንገራት እንጂ፣ እናቴ ሕፃን አይደለችም» ትለኛለች። «አንቺ ንገሪያቸው» እላታለሁ። «እኔ ለእናቴ ውሽማ የሚባል ቃል ከአፌ ላወጣ?» ትላለች። እሷም እንደኔው ናት።

ሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ መርከቧ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀችና ሐኪሟ አንዲት የራቀች ጣቢያ ላይ ብቻዋን ቀረች። ካፒቴኑ በመስኮት እያየ ራቀ። አማቴ ጉልበታቸውን ረስተው ብድግ አሉ። «አንተ! ትቷት አይሄድም በለኝ! ይመለሳል በለኝ!» አሉኝ። አንተ አሉኝ። ለራሳቸውም የታወቃቸው አይመስለኝም። እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚያ ድምፅ አንተ ያለኝ ሰው አልነበረም። «ይመለሳል» አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ ሆኜ ቀረሁ። ወጥ ሲያንሰኝም «ጨምሪላቸው» ማለት ቀረና በእጃቸው ይጨምሩልኝ ጀመር።

ስድስተኛው ምዕራፍ ሲያልቅ ካፒቴኑ ሹመቱን ጥሎ አንዲት ትንሽ መርከብ ላይ ወጣና ሐኪሟ ወዳለችበት ጣቢያ ተነሳ። መርከቧ እያነሰች፣ እያነሰች ሄደችና ማያው ጠቆረ። ጽሑፍ መውረድ ጀመረ።

«ደረሰ?» አሉ አማቴ።

«አላሳዩም።»

«እንዴት አያሳዩም? ስድስት ምዕራፍ ሙሉ አስለቅሰውን?»

ቅጥያ እንደሚሠራና ታሪኩ ከዚያው ከተቋረጠበት እንደሚነሳ መወራቱን ነገርኳቸው። ኋላ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ «ያ ከደረሰ የኔውም ይደርሳል» አሉ።

ያኔ ነው መናገር የነበረብኝ። «ኧረ እርስዎ፣ ይህ ሰው ወንድሟ አይደለም፤ የርስዎን ወንድም ከዚህ ጋር አያገናኙት» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ምን ብዬ? ከየት ጀምሬ? ከጥቂት ወራት በኋላ ሽማግሌዎቹ ለአራተኛ ጊዜ ሲመጡ አማቴ እንደወትሮው «በእግሩ ይምጣ» ብለው አላሳፈሯቸውም። «ትንሽ ታገሡኝ፣ እምጠብቀው ነገር አለ» አሏቸው። ሽማግሌዎቹ ስለት ያለባቸው መስሏቸው መርቀው ሄዱ። እኔ ጫማዬን እያየሁ እስከ በር ሸኘኋቸው።

ቅጥያው ከዓመት በላይ አስጠበቀን። ወጣ ሲባል ሰማን፤ ግን ኔትወርክ የለም፣ መንገዱም አንድ ሳምንት ይከፈታል አንድ ሳምንት ይዘጋል። አማቴ በየቅዳሜው፣ «ያ ሰውዬ ባሕር ዳር አልሄደም?» ይላሉ። በመጨረሻ የኬሚስትሪው መምህር በደምበጫ በኩል የሚያልፍ መኪና አግኝቶ ደርሶ መጣና መምህራን ማረፊያ ገብቶ ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ሰባት ክፍል» አለ። የሻይ ሰዓት ነበረ፤ ሻዩን ትተን ላፕቶፑን ከበብን።

ኧረ ተዉኝ። ምኑን ልናገር? ገና መጀመሪያው ክፍል ላይ ሐኪሟን ገደሏት። ማሳየት እንኳ አይደለም። ሃያ ዓመት አለፈ ይሉና አንድ መልከ መልካም ወጣት እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ፣ «እናቴ ከሞተች ቆየች» ይላል፤ ሌላ ቃል የለም፣ ወደ ሌላ ወሬ ያልፋል። ያን ሁሉ ጊዜ ከሞት አፍ ሰው ስታወጣ የኖረች ሴት! እኛ አገር መርዶ ሲነገር እንኳ ዘመድ ተጠርቶ፣ ማለዳ ተጠብቆ ነው። አዲሲቱ መርከብ እንደ ባንክ አዳራሽ ታበራለች፤ አንድ ብሎን አይላላባትም፤ የሚጠግን ሰው የለ፣ እጁ የቆሸሸ ሰው የለ። ሁሉም ቆንጆ ነው፣ ሁሉም የአንድ ሰው ልጅ ነው፣ ሁሉም ይተክዛል። መቼ ማልቀስ እንዳለብን ሙዚቃው ቀድሞ ይነግረናል። የድሮዎቹ ሰዎች አንድ አንድ ጊዜ ብቅ ብለው፣ እንደ ሠርግ ቪዲዮ ለካሜራው ፈገግ ብለው ይሄዳሉ።

የኬሚስትሪው መምህር ብቻውን ይከራከራል። «ታገሥ እንጂ! ከአራተኛው ክፍል ወዲያ ይሞቃል።» «ታዲያ ለምን ከአራተኛው አይጀምሩትም ነበር!» አልኩት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግማሽ ቀን እንጨቃጨቅ ነበር። ያን ቀን ግን መናደዱ ራሱ ደከመኝ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ኑሮው ይኸው፣ መንገዱ ይኸው፣ የምጠብቀው አንድ ነገር ነበረኝ፤ እሱንም እንዲህ አድርገው አመጡልኝ።

የኔ ማዘን ግን ትንሹ ነገር ነው። ያ እግሩን ያነባበረ ወጣት ማን መሰላችሁ? የካፒቴኑና የሐኪሟ ልጅ። ቅጥያው የተሠራው በሙሉ እኔ በሪሞት ስዘለው በኖርኩት ነገር ላይ ነው። እህትና ወንድም ያልኳቸው ሰዎች ልጅ ወልደው ጠበቁኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። አማቴ ነጠላቸውን ለብሰው፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ገና ሳልከፍተው፣ «ደረሰ?» አሉ። «ቆይ፣ ቀስ ብለው ይነግሩናል» አልኩ። ወጣቱ ሲመጣ፣ «የሐኪሟ ልጅ ነው፤ አጎቱን ሊፈልግ ነው» አልኩ። «እናቱስ?» «ርቃ ነው ያለች።» እናቱ ሞታለች ማለት አፌ አልቻለም። ሦስት ቅዳሜ እንዲህ ቀጠልን። አንዱን ውሸት በሌላ ስደግፍ፣ ትርጉም ሳይሆን ድርሰት እየሠራሁ፣ ሰዓቱ ሲያልቅ ድንጋይ ሲያነሳ የዋለ ሰው ሆኜ እነሳለሁ።

የሚገርመው ግን አማቴም አልጣማቸውም። «ይህ ልጅ ሥራ የለውም እንዴ?» አሉ በመጀመሪያው ቀን። በሁለተኛው፣ «ይች መርከብ አትሰበርም?» አሉ። በሦስተኛው ቅዳሜ ምስራቸውን መልቀም ጀመሩ፤ የምር ሲያዩ ምስር አይነኩም ነበር። «ያው አጎቱን እስኪያገኝ ነው እምታገሠው» አሉኝ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ የተናገርኩትን ሁሉ እሳቸው በሦስት ዓረፍተ ነገር ጨረሱት። እንዲህ ያለ ጓደኛ ከየት ይገኛል? እንዲህ ያለውን ሰው ነበር እኔ ስዋሸው የኖርኩት።

አራተኛውን ክፍል አስቀድሜ አላየሁትም። ዋናውን ሁለቴ ማየት ደስታዬ ነበር፤ ይህን ግን አንዴውም በግድ ነው። የማርመው የፈተና ወረቀት ተቆልሏል። ምን ያመጣል፣ ልጁ ሲተክዝ ነው የሚውለው ብዬ ተውኩት።

ልጁ ሲተክዝ አልዋለም፤ ካፒቴኑን አገኘው። ካፒቴኑ ሸምግሎ አንድ አበባ ያለበት ግቢ ውስጥ ተቀምጧል። አማቴ ሰፌዱን ወደ ጎን ገፉት። «አጎቱን አገኘው! ተመስገን!» አሉ። ካፒቴኑ ማውራት ጀመረ፤ እሱ ሲያወራ እነዚያ የማይረቡ ፊልም ሠሪዎች የድሮውን ትዝታ፣ እኔ በሪሞት የዘለልኩትን ሁሉ፣ አንድ በአንድ ለቅመው አመጡት። ከንፈር ለከንፈር። አልጋ። ቀጥሎ ሐኪሟ ሕፃን ታቅፋ። ሪሞቱን ፈለግሁ፤ የለም፤ ልጄ ሶፋ ሥር ጥሎታል። ተንበርክኬ እጄን ሶፋው ሥር ሰድጄ ስዳብስ የአማቴን ድምፅ ሰማሁ።

«እህቱን?» አሉ።

እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። «አይደሉም» አልኩ።

«ምን አይደሉም?»

«እህትና ወንድም አይደሉም። ሆነውም አያውቁ። እርስዎን አፍሬ ነው።» ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የመጀመሪያዋን ቅዳሜ፣ ወረቀቱን፣ ሪሞቱን፣ ተበላሽቷል ያልኩትን ሁሉ። ሐኪሟም እንደሞተች ነገርኳቸው። ቴሌቪዥኑ ከኋላዬ ለብቻው ያወራል።

አማቴ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። «እሺ። ደረሰ ወይ? እሱን ንገረኝ» አሉ።

ካፒቴኑ ለልጁ ሲናገር አሁን ሰምቼዋለሁ። «አልደረሰም» አልኩ። «ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ።»

ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ቴሌቪዥኑን ያጥፉልኝ» አሉ። አንተ ማለታቸው ቀረ፤ ወደ አንቱ ተመለስን።

ሦስት ቀን ቤታችን ውስጥ ሰላምታ ብቻ ሆነ። እንዴት አደሩ፣ እንዴት ዋሉ። ስበላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ባለቤቴ እኔን አልተቆጣችም፤ ብቻ በአራተኛው ቀን ጠዋት እናቷ ያሏትን ነገረችኝ። «እኔ ስጠብቅ የኖርኩት ማንን ነው?» ብለዋት አልቅሰዋል። በርጩማዬ ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ አማቴ ከጓዳ ወጡ፤ ጋቢያቸውን ለብሰዋል፣ ምርኩዛቸውን ይዘዋል። ወደኔ አላዩም። «ክፍለ ጊዜ ከሌላቸው ቡሬ ድረስ ይሸኙኝ ወይ፣ ጠይቂያቸው» አሏት። «እሸኛቸዋለሁ በያቸው» አልኩ። ክፍለ ጊዜ ነበረኝ፤ ለኬሚስትሪው መምህር ደውዬ ያዝልኝ አልኩት።

ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን እስከ ቡሬ አልተነጋገርንም። ከቡሬ ባጃጅ ያዝን፤ ባጃጁ መንገዱ እስካለቀበት ወሰደን፤ ከዚያ በእግር ነው። የበርበሬ ጊዜ ነበር፤ በየደጁ ቀዩ በርበሬ ተሰጥቷል፣ ሽታው ያስነጥሳል። አማቴ አሥር እርምጃ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ስዘረጋ ምርኩዛቸውን ወደዚያ እጅ ያዛውሩታል። ዛፎቹ የተቆረጡበት ወሰን ጋ ስንደርስ ቆም ብለው አዩት። ከጉቶዎቹ ላይ አዲስ ባሕር ዛፍ አቆጥቁጦ ከሰው በላይ አድጓል።

ወንድማቸው ደጃፋቸው ላይ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ ተዘርግቷል። እህታቸውን ሲያዩ ሊነሱ ሞከሩ፤ ግድግዳውን ያዙ፣ አልሆነላቸውም፣ ተመልሰው ተቀመጡ። በአገውኛ አንድ ነገር አሉ። አማቴም በአገውኛ መለሱ። የገባኝ አንድ ቃል የለም። ምርኩዙ ሲወድቅ አየሁ፣ አማቴ ወንድማቸው አንገት ላይ ሲወድቁም አየሁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» የተባባሉት በአማርኛ ነው፤ እሱን ሰማሁ። የወንድምየው ምራት ከቤት ወጥታ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆመች።

ከተረጋጉ በኋላ ወንድምየው እኔን አክብረው ወደ አማርኛ ተመለሱ። «አማቻችን፣ እኔ ልብ አጥቼ አይደለም የቀረሁ» አሉኝ። «ሽማግሌዎቹ መልሷን ይዘው በመጡልኝ በሁለተኛው ጊዜ ተነስቼ ነበር። በእግሬ ቡሬ መናኸሪያ ደረስኩ። ያን ቀን መንገድ ተዘግቷል፣ መኪና የለም አሉ። እስኪመሽ ተቀመጥኩ። እግሬም ያኔ ጀምሮኝ ነበር። ግማሽ መንገድ መጥቼ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲያ ይኸው እምታየው ነው።»

«ለሽማግሌዎቹ አትነግራቸውም ነበር?» አሉ አማቴ።

«እታለም፣ በእግሩ ይምጣ ብላለች ሲሉኝ፣ እግሬ እምቢ አለኝ ብዬ ልላክብሽ?»

አማቴ ቀስ ብለው ወደኔ ዞሩ። በአራት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አዩኝ። እኔም ያንን የተረገመ አራተኛ ክፍል አሰብኩ፤ አበባ ያለበት ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ግማሽ መንገድ ሄጄ ተመለስኩ የሚለውን ሽማግሌ። የጠላሁት ነገር እውነቱን ተናግሮ ነበር፤ ያ ሁሉ ያማረ ውሸት ግን የኔ ነው።

ውሃ ቀረበልን። ወንድምየው፣ «አንቺስ ዛሬ ምን አነሳሽ?» ብለው ጠየቁ። አማቴ ትንሽ አሰቡና ታሪኩን መንገር ጀመሩ፤ ያችን አሮጌ መርከብ፣ በሽቦ የሚያስሯትን፣ የተሰነጠቀችበትን ቀን። አሳምረው ነገሯቸው፤ እኔ እንኳ የረሳሁትን አልረሱም። ሐኪሟ ጋ ሲደርሱ ጆሮዬን አቆምኩ። «እህቱ ናት» አሉ፣ ሳያመነቱ። «ታላቁ። እሱ ታናሽ ነው። ሹመቱን ጥሎ በአንዲት ትንሽ መርከብ ሊፈልጋት ወጣ።»

ወንድምየው የተጠቀለለ እግራቸውን በእጃቸው ይዘው ያዳምጣሉ። «ደረሰ ወይ?» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አማቻችን፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ። ደረሰ?»

የኬሚስትሪው መምህር ፍላሽ፣ ከሰባት ክፍሉ ጋር፣ ልመልስለት ብዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ይዤዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። አማቴ ቀደሙኝ።

«ከዚያ ወዲያ አልተሠራም» አሉ። «እዚያ ላይ ነው ያለቀው። አይደል አንተ?»

«አዎ» አልኩ። «አልተሠራም።»

ወንድምየው እግራቸውን መደቡ ላይ አመቻቹ። «ካልተሠራማ» አሉ፣ «ደርሷል በሉት።»